በርችት ብርሃን ያየሁት ፊት

ርችት ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ ስላችሁ እንዳትስቁ። ከሚሴ ውስጥ ሻሽ ያሰረች ሴት የካሜራ ማቆሚያ በትከሻዋ ተሸክማ ሙዚቃ ወዳለበት ሜዳ ስትጣደፍ ካያችሁ እኔ ነኝ። ሰርግ አላነሳም፣ ልደት አላነሳም። አንድ ባለ ባጃጅ "ታዲያ ምንድን ነው የምታነሺው?" ቢለኝ "ሰማይ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር "ሉባባ፣ ሰማይ ደህና ነው? ሰላም በይልኝ" ይለኛል።

ጨዋታ እንደምወድ ከአጀማመሬ ሳታውቁ አልቀራችሁም። ይህንን ግን ለጨዋታ አይደለም የምጽፈው። በአፌ ሳወራው ሁልጊዜ መሐል ላይ ሰው ያቋርጠኛል፤ አንዱ ያለቅሳል፣ ሌላው ይመክረኛል። በጽሑፍ ሲሆን የሚያቋርጠኝ የለምና እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ዛሬም እሱው ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን የተማርኩት ሰው ኮፒ ሊያስደርግ የሚያመጣውን ወረቀት በማንበብ ነው። የክስ ማመልከቻ፣ የባዮሎጂ ፈተና፣ የኒካህ ውል፣ የከብት ክትባት ማስታወቂያ፣ ሳላነበው በእጄ ያለፈ ወረቀት የለም። ካሜራውንም እንዲሁ ነው የለመድኩት። ሱቁን ዘግቶ ከከተማው ከሄደ ፎቶ አንሺ ላይ አሮጌውን ገዛሁ። ከዚያ በስልኬ፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚያወሩ ሰዎች ርችት ሲያነሱ እያየሁ ንግግራቸውን ትቼ እጃቸውን ተከተልኩ።

ዘዴው እንዲህ ነው፤ ኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ያዙልኝ። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ታስሩና ዓይኑን ገልጦ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ታደርጋላችሁ። በዚያ መሐል ሌንሱን በጥቁር ጨርቅ ትጋርዳላችሁ። ርችቱ ሲፈነዳ ጨርቁን ታነሳላችሁ፤ ሲከስም ትመልሳላችሁ። ሁለተኛው ሲፈነዳ ደግሞ ታነሳላችሁ። መጨረሻ ላይ በተለያየ ጊዜ የፈነዱ ሦስት አራት ርችቶች አንድ ፎቶ ላይ አብረው ያብባሉ። የሚያየው ሰው አንድ ቅጽበት ይመስለዋል።

የጀመርኩት ወንድሜ ሰኢድ ከጠፋ በኋላ ነው። ሰኢድ በሦስት ዓመት ያንሰኛል። ዘሃራን አግብቶ ዓመት ሳይሞላው፣ ብዙ ያገራችን ልጆች እንደሚያደርጉት፣ በባቲ በኩል ወርዶ አፋርን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ሄደ። ከባሕሩ ዳር ደወለልኝ። "ነገ ጀልባ ላይ ነን። እማን ዱአ አድርጊልኝ በያት" አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም፤ አስከሬን ያየም የለም።

እኔ አላለቀስኩም። ሰው "ጠንካራ ናት" ይለኝ ነበር፤ ጥንካሬ አልነበረም። ውስጤ ደንዝዞ ነው። እበላለሁ፣ ጣዕሙ አይታወቀኝም፤ ሰው ሲስቅ አይቼ እስቃለሁ። እማ ደግሞ ሰደቃ አላወጣችለትም። "ላልሞተ ሰው ሰደቃ የለም" ትላለች፤ የሰኢድን ስምና ሞት የሚባለውን ቃል በአንድ ትንፋሽ ያለ ሰው ከቤታችን ቡና ጠጥቶ አይወጣም። በዚህ ሁኔታ እማ፣ ዘሃራና እኔ አራት ዓመት ኖርን። የሜዳ ሙዚቃና ርችት የወደድኩትም ለዚሁ ነው። እዚያ ጩኸቱ ስለሚበዛ "ወሬ አለ?" ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ሰው ሁሉ ርችቱ ሲፈነዳ ደንግጦ ደረቱን ይይዛል፤ እኔ ምንም አይሰማኝም። ለሥራው ደግሞ የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው የሚፈለገው።

አራት ዓመቱ ካለፈ በኋላ የዘሃራ አባት ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወሰደው። ምስክር ተሰማ፣ ተጠበቀ፣ በመጨረሻ ከጋብቻው ነፃ ናት ተባለ። ዒዳዋንም፣ ዳግም ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀውን ጊዜ፣ ጨረሰች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ልጅ የላትም፤ የምትኖረውም እኛው ጋ ነበር። ያን ጊዜ ሁሴን የሚባል የጨፋ ሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ፣ ሚስቱ የሞተችበት ጨዋ ሰው፣ ሽማግሌ ላከባት። ዘሃራ "እማ ካልፈቀደች አላገባም" አለች። እማ ሁለት ሳምንት ዝም አለች። ከዚያ አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች፣ ቀና ሳትል፣ "ኸይር ይሁን" አለች። ኒካሁ ለዓርብ ተቆረጠ።

ከዚያ ዓርብ በፊት በነበረው እሑድ ባቲ ሜዳ ላይ የአዲስ ዓመት መቀበያ ኮንሰርት ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። አክስቴ እዚያ ስላለች በኮምቦልቻ ዞሬ ሄድኩ። ከመድረኩ አጠገብ የቆመ የጭነት መኪና ነበር፤ ሾፌሩን ለምኜ ከኋላ ወጣሁ።

መሸት ሲል አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ "የተከበራችሁ የባቲ ነዋሪዎች፣ አሁን የምትሰሙት ርችት ነው፤ ርችት ብቻ ነው፤ እንዳትደነግጡ" አለ። ሦስት ጊዜ በአማርኛ፣ ሦስት ጊዜ በኦሮምኛ፣ ሁለት ጊዜ በአፋርኛ። ከመኪናው ሥር የቆሙ ሽማግሌ "ስምንት ጊዜ ርችት ነው ካለማ ርችት አይደለም" ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ርችት ነበር። ግን ደመናው ዝቅ ብሎ ስለነበር ጭሱ መውጫ አጥቶ ሰማዩን ሸፈነው። ከሁለተኛው በኋላ ብርሃኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ። ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ባዶ እጄን አልመለስም አልኩና ካሜራውን ወደ ሕዝቡ አዞርኩት። ሁሉም ቀና ብሎ ያያል። በለመድኩት ዘዴ፣ ሲፈነዳ ጨርቁን አነሳለሁ፣ ሲጨልም እጋርዳለሁ። ስምንት ወይ ዘጠኝ ፎቶ እንዳነሳሁ ዝናቡ መጣ።

ሰኞ ተመለስኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገለጥኳቸው። አብዛኞቹ አልሆኑም፤ ሰዉ ተንቀሳቅሶ ጥላ ጥላ ሆኗል። ስድስተኛው ላይ ግን ከፊት ለፊት አንድ ሰው ጥርት ብሎ ወጥቷል። ቢጫ ሸሚዝ ለብሷል። ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ እጁን አናቱ ላይ ጭኗል።

ሰኢድ ወደ ላይ ሲያይ እጁን አናቱ ላይ ይጭን ነበር። ጨረቃ ሲያይ፣ አውሮፕላን ሲያይ፣ ዛፍ ላይ ያለች ወፍ ሲያይ። በልጅነታችን "ሰማዩ እንዳይወድቅብህ ነው?" እያልን እናሾፍበት ነበር።

አጎላሁት። ግንባሩ፣ የዓይኑ አቀማመጥ፣ አገጩ። ወንድሜ ነው።

ምን ተሰማሽ ትሉኛላችሁ። ምንም። አንድ ሰውዬ መታወቂያውን ይዞ ከፊቴ ቆሟል። "በሁለቱም ገጽ ነው?" አልኩት። "አዎ" አለ። ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት። ከዚያ ፎቶውን በትልቁ አተምኩና፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ እንደ መታወቂያ ላሚኔት አደረግሁት። ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

እማ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። ዘሃራ ከአጠገቧ ለዓርብ የትራስ ልብስ ትጠልፋለች።

"እማ፣ መነጽርሽን አድርጊ።"

"ሰማይ ከሆነ አይቼዋለሁ" አለች እማ።

"አድርጊው።"

መነጽሯን አደረገች። ፎቶውን አንዴ አራቀችው፣ አንዴ አቀረበችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "እሱ ነው" አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

"ማን ነው?" አለች ዘሃራ። እማ ሰጠቻት። ዘሃራ አየችውና መርፌዋን እንዳትጠፋ ጨርቁ ላይ ሰካች።

"መቼ ነው ያነሳሽው?"

"እሑድ።"

"የት?"

"ባቲ።"

ዘሃራ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። "ከባቲ ከሚሴ ስንት ሰዓት ነው?" አለች።

ሦስታችንም እናውቀዋለን።

"ቁርሱን በልቶ ቢነሳ ለምሳ ይደርሳል" አለች ራሷ።

"ታሞ ይሆናላ" አለች እማ። "በረሃው አእምሮውን ነክቶት ይሆናል። የት እንዳለ አያውቅ ይሆናል።"

"ርችት ለማየት ግን ደህና ነው" አለች ዘሃራ።

እማ ተነሳች። የምስሩን ሰፌድ ለእኔ አቀበለችኝና "ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ኒካህ አይታሰርላትም። ለሁሴን ደውዪለት፤ የዓርቡ ይቅር በዪው" አለችኝ። ደወልኩ። የተባልኩትን አልኩት።

ሁሴን የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሳያልቅ ደረሰ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፤ ከማሳ ተነስቶ ነው የመጣው። ግባ ቢባል አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

"ሰኢድ ካለ አልሐምዱሊላህ ነው እትዬ ዘይነብ" አላት እማን። "የሰው ትዳር ላይ እግሬን አላስገባም። ግን ከዘሃራ አፍ ልስማው።"

"ሰውየውን በዓይኔ አይቼ እነግርሃለሁ" አለችው ዘሃራ።

"እስከ መቼ?"

"እስከ ዓርብ።"

ሁሴን መሬቱን በጣቱ ጫረ። "እኔ እጠብቅሽ ነበር። እናቴን ግን ታውቂያታለሽ። ሽማግሌዋ ወደተመለሰበት ቤት ሁለተኛ አትልክም። የአገሩም ደንብ ነው። ዓርብ ካለፈ አለፈ።"

ይህን ብሎ ሄደ። ዘሃራ የትራስ ልብሱን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ ማለዳ እኔና ዘሃራ ባቲ ሄድን። ፎቶውን ይዘን መናኸሪያውን ዞርነው፤ ሻይ ቤቱን፣ መስጊዱን፣ ጭነት የሚያወርዱትን ሁሉ ጠየቅን። ስደተኛ የሚያሳፍር ደላላ መስለናቸው ነው መሰል ገና ስንቀርብ ፊታቸውን የሚያዞሩብን ነበሩ። ከቀትር በኋላ አንዲት በቆሎ የምትጠብስ ሴት ፎቶውን ተቀብላ ጥቀርሻ ባለበት ጣቷ ሸሚዙን ነካች።

"ሸሚዙን አውቀዋለሁ፤ ፊቱን አላውቀውም" አለች። "ይሄ የኢብራሂም ሸሚዝ ነው፤ ውሃ የሚሸጠው። ግን ኢብራሂም እንዲህ አምሮበት አያውቅም።"

"የት ይገኛል?"

"ወደ ቆላ ጭኖ ወርዷል። ነገ ጠዋት እዚሁ ነው።"

"የባቲ ልጅ ነው?" አለቻት ዘሃራ።

"ከየት እንደመጣ እንጃ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል እዚህ ከታየ።"

ዘሃራ እጄን ያዘችኝ። እስከ አክስቴ ቤት ድረስ አልለቀቀችውም። "ስሙን ቀይሮ ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ በሌላ ስም ውሃ እየሸጠ፣ እኛ ደግሞ በየቀኑ በሩን እያየን። ይህን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ፤ ደህና አድርጎ ወሰደኝ። ዘሃራ ቁጭ ብላ እንዳደረች ያወቅሁት ጠዋት ነው።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ በቆሎ ጠባሿ ካለችበት ጥግ አንድ ሰው እሽግ ውሃ ከመኪና ያወርዳል። ጀርባውን ሰጥቶናል። ሸሚዙ ቢጫ ነው። ዘሃራ ቆመች፤ እኔ ወደፊት ሄድኩ።

"አከም ቡልቴ" አልኩት፤ እንዴት አደርክ ማለቴ ነው።

"ነጋ፣ ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ዞረ።

ሰኢድ አልነበረም። ግንባሩ ይመስላል፤ ዓይኑም ይመስላል። የታችኛው ፊቱ ግን የሌላ ሰው ነው፣ አገጩ ከአንገቱ ጋር ተያይዟል። ወደ ዘሃራ ዞሬ አይደለም በማለት ራሴን ነቀነቅሁ። እሷም መጣች። ፎቶውን ሰጠሁት።

"ሸሚዙ የኔ ነው" አለ ኢብራሂም። "ሆዱም የኔ ነው። ይሄ አገጭ ግን ከየት መጣ? እንዲህ ያለ አገጭ ቢኖረኝ ሁለተኛ ሚስት አላጣም ነበር።" በቆሎ ጠባሿ ሳቀች። ኢብራሂም ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞረው። "ቆይ ቆይ። እሑድ እኮ እሽጉን በሁለት እጄ አቅፌው ነበር፤ አንዱን ብለቅ ይሰርቁኛል። ይኸውልሽ ሁለቱም እጄ እዚህ ነው። ታዲያ አናቴ ላይ ያለው የማን ነው?"

ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ሦስት እጅ ቢኖረኝማ የሰኞን ገበያ ብቻዬን ነበር የምይዘው" አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዘዴው ሦስት ርችት አንድ ሰማይ ላይ እንደሚደራርብ አውቃለሁ። ሰማዩን እንጂ ምድሩን አላሰብኩም። በመጀመሪያው ፍንዳታ ኢብራሂም እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ቀና ብሏል። ጨርቁን ስጋርድ ሄደ። በሁለተኛው ፍንዳታ እሱ በለቀቀው ቦታ ላይ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሌላ ሰው እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ግንባሩን ከአንዱ፣ አገጩንና እጁን ከሌላው ወስጄ ወንድሜን የሠራሁት እኔ ነኝ። እዚያው ቆሜ ለዘሃራ እንዲሁ አድርጌ አስረዳኋት።

"ሰው አይደለም ማለት ነው?" አለችኝ።

"ሰውማ ነው። ሁለት ሰው ነው።"

"ሰኢድ ግን አይደለም።"

"አይደለም።"

ኢብራሂም ሳቁ ጠፋ። "ማንን ነበር የምትፈልጉት?" አለ።

"ባሏን" አልኩት።

ከእሽጉ ሁለት ውሃ መዝዞ ሰጠን። ልንከፍለው ብንል እጁን ወደ ኋላ አደረገ። "አላህ ያገናኛችሁ" አለ፤ ዘሃራም "አሚን" አለችው።

ሚኒባስ ይዘን ኮምቦልቻን አለፍን። ዘሃራ በመስኮቱ እያየች "እሱ ቢሆን ኖሮ የምለውን ሌሊቱን አዘጋጅቼ ነበር" አለች።

"ምን ልትዪው?"

"እንኳን በሰላም ተገኘህ፣ ለእናትህ ድረስላት፣ እኔ ነገ ኒካህ አለብኝ።" ውሃዋን ከፈተች፣ አልጠጣችም፣ መልሳ ከደነችው። "እሱ አለመሆኑን ሳይ ደግሞ ምነው እሱ በሆነ አልኩ። ሰው እንደ እኔ ይሞኛል?"

"እማን ማን ይንገራት?" አልኩ።

"አንቺ" አለች።

ቤት ስንደርስ ገመዱ ላይ የሰኢድ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ጃኬቱ ታጥቦ ይንጠባጠባል። ሳጥን ላይ ሳጥን ተጭኖበት የነበረው አልጋው ወጥቶ አንሶላ ለብሷል። እማ ብቻችንን መምጣታችንን አየች። አልጠየቀችም። ዘሃራ ወደ ጓዳ ገባች።

እማ አጠገብ ተቀመጥኩና "እማ፣ ሰውየው እሱ አይደለም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ካሜራው ደራርቧቸው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። ፎቶውን አውጥቼ እጆቹን አሳየኋት።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"እሱ እንዳልሆነ። ገና መነጽሬን እንዳደረግሁ ነው ያወቅሁት።" ጣቷን አናቱ ላይ ባለው እጅ ላይ አሳረፈች። "ይሄ ቀኝ እጅ ነው። ሰኢድ ግራኝ ነበር። በግራ እንዳይበላ እየመታሁ ቀኙን አስለመድኩት። ግራዬ ሥራ አጣች ብሎ ነው መሰለኝ፣ ወደ ላይ ባየ ቁጥር አናቱ ላይ የሚጭናት እሷን ነበር። እኔው የመታኋት እጅ እንዴት ትጠፋኛለች?"

ኋላ ዘሃራን ጠየቅኋት። ዓይኑን ብቻ ነበር የማየው አለችኝ። እኔም አላስተዋልኩም። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አብሬው ኖሬ፣ እጁን እንጂ የትኛው እጅ እንደሆነ አላየሁም።

"ታዲያ ለምን እሱ ነው አልሽ?"

እማ ፎቶውን መለሰችልኝ። "ሦስት ቀን የሕያው ልጅ እናት ልሁን ብዬ ነው" አለች። "አልጋ ማንጠፍ አማረኝ። ደግሞም እሷ ዓርብ ልትሄድብኝ ነው። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ነው ስሙን የማነሳው? አንቺ እንደሁ ዝም ትያለሽ።"

ይህን ስትለኝ ማልቀስ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። አላለቀስኩም። ገመዱ ላይ የሚንጠባጠበውን ጃኬት እያየሁ ተቀመጥኩ።

እማ ተነሳች። "ጥቁሩን ኩታዬን አምጪ" አለች። "ጨፋ ሮቢት እንሄዳለን።"

"እማ፣ እኛ ነን የምንሄድ? በሴት ወገን በኩል ሄዶ የሚለምን አለ እንዴ?"

"የበደለ ይሄዳል። የሴት ወገን የወንድ ወገን የለውም።"

የሁሴን እናት እትዬ ሐዋ ግቢ ደርሰን አሰላሙ ዐለይኩም ስንል ሴትየዋ በርጩማዋ ላይ እንዳሉ ሰላምታውን መለሱ፤ አልተነሱም። ሁሴን በጓሮ በኩል ብቅ ብሎ አይቶን ቆመ።

"ማክሰኞ ተዉት አላችሁ፣ ተውነው" አሉ እትዬ ሐዋ። "ሐሙስ ደግሞ ምን አመጣችሁ? እኛም እኮ ሰዎች ነን እትዬ ዘይነብ። ሽንኩርት አይደለንም፣ አንዴ የምንነሳ አንዴ የምንጣል።"

"ልክ ነሽ እህቴ" አለች እማ። ቆማለች፤ ተቀመጪ ያላት የለም። "ልጅቷ አልበደለችም። ልጅሽም አልበደለም። ያ ሰውዬ ልጄ እንዳልሆነ እያወቅሁ እሱ ነው አልኩ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ ሐዋ ወደ እኔ አዩ፤ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ለስለስ አሉ፣ ግን አልተሸነፉም። "ደንቡን ታውቂዋለሽ። የሴቷ አባት አለ፣ ወንድሞች አሏት። አንቺ በማን በኩል ነው የቆምሽው? በልጅሽ ስም ነው እንዳልል፣ ሰው የልጁን ሚስት ለሌላ ሊድር አይመጣም።"

"ልጄማ ሞቷል" አለች እማ።

አራት ዓመት ከምናምን ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ሁሴን እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

"ልጄ ባሕር ውስጥ ሞቷል" ብላ ደገመችው። "ሴት ልጄ ግን ቤት አለች። እሷን ልድር ነው የመጣሁት።"

እትዬ ሐዋ ከበርጩማቸው ተነሱ። በርጩማዋን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እማ ገፉላት። "ኮቱ ታኢ" አሉ፤ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው።

ኒካሁ በቀኑ ታሰረ፤ ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ። በሚቀጥለው ሳምንት እማ በግ አሳርዳ የሰኢድን ሰደቃ አወጣች። ዘሃራ ከባሏ ጋር መጥታ እንግዳ ስታስተናግድ ዋለች፤ ሁሴን ደግሞ ውሃ አስታጠበ። ዛሬም በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ከእማ ጋር ሆነው የሰኢድን ሞኝነት እያነሱ ይስቃሉ። እኔም አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ። አንዳንዴ አንድ ሁለት ነገር ጣል አደርጋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ "ታዲያ አንቺን ምን ለወጠሽ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ እንባዬ መጣ፣ ልቤ ተከፈተ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ውሸት ይሆናል። መደንዘዜ ገና አለ። የተለወጠው ይህ ነው፤ ፊት ሳይ አላምንም፣ አለማመኔንም አላምንም። እናንተም ብትሆኑ፣ የምትናፍቁት ሰው ፊት በድንገት ሲመጣላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት እጁን ቁጠሩ እላለሁ። ደግሞ አንድ ሰው ያልሆነውን "ነው" ሲላችሁ ወዲያው ውሸታም አትበሉት፤ ሦስት ቀን ፈልጎ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ወሬው ከተማውን ከዞረ በኋላ እናቶች ወደ ሱቄ መምጣት ጀመሩ። ልጆቻቸው በዚያው መንገድ ሄደው የቀሩባቸው ናቸው። ፎቶው ሐሰት እንደነበር ሰምተዋል፤ ቢሆንም ይመጣሉ። "ያነሳሻቸውን የሜዳ ሰዎች አሳዪኝ" ይሉኛል። መጀመሪያ እንዴት እንደተሳሳትኩ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ አሳያቸዋለሁ፤ ለዚሁ ስል አሁን ሰውን የማነሳው ሳልደራርብ፣ በአንድ ብርሃን ብቻ ነው።

ባለፈው አንዲት የሰንበቴ ከተማ ሴት ገበያ ፍየል ሸጣ በዚያው ወደ ሱቄ መጣች። ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳት። ከሚሴን አየች፣ ባቲን አየች፣ ብዙ መቶ ፊት አለፈ። ልጇ የለም። ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ሙዚቃው ሲያልቅ ቤቱ ገብቷል አይደል?" አለችኝ።

"ገብቷል" አልኳት።

"እናቶቻቸው በር ከፍተውላቸዋል።"

"አዎ።"

ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። "እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ" አለች።

ጀመርኩላት።